ስርጉድ

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከቦኖው ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፤
አልጋው ጥግ ይዞ፣ ሞተሯ መሀል የምትገባ።
እልፍነሽ ታሾፋለች፦
«እኔን ስታገባኝ ሽማግሌ ላክህ፣
ይቺን ግን ራስህ በጋሪ አመጣህ።»

እውነቷን ነው።
ያለ ካንዴላ፣ ያለ ማርሚታ፣
ሰልባትዮዋ ዝጎ፣ ካቴናዋ ላልቶ፣
ምናለሽ ተራ በኪሎ ሊሸጧት
ሚዛን ላይ ሲሰቅሏት ደረስኩ።
«የዘርጋው ናት» አለኝ ባለሚዛኑ፤
ስሙን ከጠራ ወዲያ ዋጋው ጨመረ።

ዘርጋው፣ የፖስታ ቤቱ፤
በአዘቦት ቴሌግራም አድራሽ፣
እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነፋስ ቀዳሚ።
ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ፣ ዳገቱን ቀጥ ብሎ፣
ሁለት ሞተር ጎን ለጎን፣ መሐረብ የሚጥል አንድ ሰው፤
መታጠፍ የለም፣ መዞር የለም፣ ጨዋታው መስመር ነው።
ቆጣሪው ከታች ይቆጥራል፤
«አሥራ አምስት» ሳይል፣ ዘርጋው ከላይ ቆሟል።

ሁለት ክረምት ፈታሁ፣ አንድ በጋ ገጠምኩ።
ብሎኑን በጣሳ፣ ዳዶውን በሽሮ ቆርቆሮ አኖርኩ።
(አንዴ ወጥ ውስጥ ዳዶ ወጣ፤ ሦስት ቀን አኮረፈች፤
በአራተኛው ግን ካቻቢቴውን ያቀበለችኝ እሷው ነበረች።)
ፒስተኑን ከሞተ የውሃ መሳቢያ አገኘሁ፣
ቶርኖ ቤት ወስጄ በፀጉር ስፋት አስላጥኩ።
የኋላ ሹካዋን አስረዘምኩ፣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣
ስትነሣ አፍንጫዋን ሰቅላ
እንደ ክፉ በቅሎ እንዳትፈነግለኝ።
መብራቷን ነቀልኩ። የኋላ ወንበሯንም።
«ለፈጣን ነገር ሁለተኛ ሰው ሸክም ነው» አልኩ ለራሴ፤
እልፍነሽ ሰማችኝ።

ሰልባትዮዋ ላይ፣ በግራ በኩል፣
ጡጫ የሚያህል ስርጉድ ነበረ።
ስቱኮ ሞላሁት፤ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ
በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤
ቀዩን ቀለም ስደርብበት
ፊቴን መልሶ አሳየኝ።
ኮራሁ።

ጋሽ ዘርጋውን የልጅ ልጁ እየመራ አመጣው።
ሞራ ዓይኑን ጋርዶታል።
የቢራ ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኩት።
መሪዋን ዳሰሰ፣ ሳቀ።
ፍሪሲዮኑን ጨበጠ፦ «ላልቷል፣ አጥብቀው።»
ሹካዋን ሰነዘረ፦ «አሳደግሃታ!»
ከዚያ ሰልባትዮው ጋ ደረሰ።
እጁ ሄደ፣ ተመለሰ፣
ሄደ፣ ተመለሰ፣
መብራት በጠፋበት ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው።

«ይቺ የእኔ አይደለችም።
ስርጉዷ የት ሄደ?»
ዝም።
«የጉልበቴ ቦታ ነው።
ከሣህሉ ጋር የገጠምን ለት
አስፋልቱ ጤዛ ነበረው።
ጉልበቴ እሷን ሰረጎደ፣ እሷም ጉልበቴን።
ከዚያ ወዲህ እግሬን የማሳርፈው እዚያ ነው፤
ሌላ ቦታ አይመቸኝም።»
ሲነሣ አነከሰ።
እስከዚያች ቀን ዕድሜ መስሎኝ ነበር።

ያን ሌሊት ስቱኮውን ፈለፈልኩ።
እልፍነሽ አምፖሉን ይዛልኝ፣
የደከምኩበት ቀይ እንደ ቁስል ቅርፊት እየረገፈ፣
ከሥሩ ብቅ አለ፣
የሳቂታ ሴት ጉንጭ መስሎ።
«አሁን አማረባት» አለች፤
አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር
ስለ ሞተር ያመሰገነችኝ ያኔ ብቻ ነው።

ዛሬ እሑድ፤ ሊነጋጋ ነው።
ለመስመር ያበጀኋት መታጠፍ አቃታት፤
ከበሩ ወጥታ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተላተመች፣
ያችው የጨመርኩባት አንድ ስንዝር ከአራት ጣት!
ሰው ተጠራ፤ መቃኑ ተነቀለ፤
አራት ሆነን ተሸክመን በጭቃው መተላለፊያ ስንወጣ፣
እማማ ዳሳሽ ነጠላቸውን እያጣፉ
«ውይ! ማን ሞተ?» አሉ።
«ማንም፤» አለች እልፍነሽ፣
«ተነሥታ ነው።»

አስፋልቱ ዳር አቆምናት።
ጋሽ ዘርጋው በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣባት፤
ጉልበቱ ቦታውን አገኘ።
እኔ መርገጫዋን ገና ሳልረግጥ፣
ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ
«አንድ» ብሎ መቁጠር ጀመረ።