ፓርቲ

ድልድዩ ከፈረሰ፣ ሦስተኛ ክረምቱ፣
ኦሪን ቫስታይን ገባ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣
ከምድር ቤቱ ቢሮ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣
የምዝገባው መዝጊያ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ።

ሰባ አንድ ዓመት ሲኖር፣ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።
"ሁሉም ያው ነው" ይላል። ዶሪን አልተሟገተችም፤
ፎርሙን ዘረጋችው፦ "የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣
አድራሻ፣ የቤትህን፤ ፖስታ ሣጥን ይቅር።
ፓርቲስ?"
        "ፓርቲ?" አላት፣ "ሜልባን ከቀበርኩኝ፣
ሰርግ ቤት አልደረስኩም፤ ጭፈራውን ተይኝ።"

አልሳቀችም ዶሪን። "የዕጩዎች ወረቀት
ፓርቲ ለሌለው ሰው አንሰጥም በዚያን ዕለት።
ድልድዩን የሚያሠራው የሚለየው በግንቦት፤
ኅዳር ላይ ስትመጣ፣ አንድ ስም ነው የቀረው፣
ያኔ ምርጫ አትበለው።"

አንዱ ሣጥን ላይ ጫረ።
የቱ ላይ እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ነኝ፣ አልጠየቅኩም።

ግንቦት። እሳት አደጋ ጣቢያው፣ መኪናው ደጅ ወጥቶ፣
መዝገቡ ሲገለጥ፦ "ቫስታይን፣ ሜልባ"፣ ያልተሰረዘ፣
ከእሱ ስም በላይ፤ የፊርማዋ ቦታ ባዶ።
ጣቱ እዚያ ፈዘዘ።

ከሥሯ ፈረመ።
ወደ ቤቱ ነዳ፣ ዘጠኝ ማይል ዞሮ፣
በፔንሲልቬንያ ጭቃ።
ድልድዩ ገና ነው።