ስኮርታና ቆርቆሮ

አባዬ ሹፌር ነበር፤
የሐረጎን ጥምዝ በቃሉ የሚያውቅ፣
ከኮምቦልቻ ጭኖ ደሴ ሲወጣ
ጉሙን በጡሩምባ ሰንጥቆ የሚዘልቅ።
ከኤንትሬው ሆድ ሥር ስኮርታ አይጠፋም፣
«ጎማ ቃል የለውም፣ መንገድም አይታመን» ይላል፣
ቤት ሲገባ ደግሞ፣ ከአልጋው ሥር ስቦ
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይከፍታል።
እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣
የኪሱን ወረቀት አንድ በአንድ አይቶ፣
አንዱን ጀርባው ላይ ጽፎ ያኖረዋል፣
አሥሩን ለምድጃ ሰጥቶ።

እኔ ግን ልጁ፣ ፒያሳ ስልክ ጠጋኝ፣
የሰው ሁሉ ሠርግና ለቅሶ በእጄ የሚያልፍ፣
«ሦስት ቦታ ገልብጡ» ባይ ነኝ፤
«አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በዲስክ፣ አንዱ ዘመድ ቤት ይረፍ።»
የራሴም እንዲሁ ነው። ሃያ ሁለት ሺህ ፎቶ፣
ጣቴ የሸፈነው፣ የወንበር እግር፣ የካርድ ቁጥር፣
ሳላየው፣ ሳልጠራው፣ በየሌሊቱ
በራሱ ሲገለበጥ ያድር ነበር።

ከተማው በሸሸ ጊዜ
ዲስኩን በካልሲ ጠቅልዬ ወጣሁ፣
ስመለስ መስታወቱ ረግፏል፣ መደርደሪያው ባዶ፣
እኔ ግን በማግስቱ ሥራዬን ቀጠልሁ።
አልዋሽም፣ የስኮርታ ውለታው ይሄ ነው፤
የተነፈሰውን ተክቶ ማስቀጠል።
ከዚያ ወዲያ አትጠይቀው፣
ማንን እንደጫንክ፣ ለምን እንደቆምክ አይል።

አባዬ ያረፈ ሰሞን እናቴ መጣች።
«ኑርዬ፣ ያችን ሐረጎ ላይ፣ እጁ ግራሶ እንደሆነ የሳቀባትን ስጠኝ።»
«ሦስት ቦታ አለች» አልኳት ደረቴን ነፍቼ፤
ሦስት ቦታ ፈለግሁ፣ በሦስቱም ጠፋችኝ።
ስም የላት፣ ቀን የላት።
ከሺህ ጎማና ጣሪያ መሃል ተሸሽጋ ይሁን፣
ወይ ስልኬ «ሞላሁ» ያለ ዕለት አውራ ጣቴ ጠርጓት
ግልባጩም ታዛዥ ነውና አብሮ ጥሏት ይሁን፣
ዘጠኝ ሌሊት ቆፍሬ
ዛሬም አላውቅ።

በመጨረሻ ቆርቆሮውን ከፈትን። ፎቶ የለም።
የነዳጅ ደረሰኝ አለ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ፦
«ሐሙስ፣ ጥር 9። ሐረጎ ላይ ጎማ ፈነዳ።
ስኮርታውም ተንፍሷል። ልጄ ፎቶ አነሳኝ።
ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪፈስ።»

እናቴ ሁለቴ አስነበበችኝ።
በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና «አየሁት» አለች።
«አብሽር» አለችኝ ደግሞ፣
ደረሰኟን አጣጥፋ በመቀነቷ ልትቋጥር ጀመረች።

«ቆይ» አልኳት። እሷም አንድ ናት፣ ውሃ ቢነካትስ?
አነሳኋት፣ ሦስት ቦታ ገለበጥኋት፤
ከዚያ፣ እንደሱ፣
ቀኗንና ቦታዋን ጻፍሁባት።

ከሃያ ሁለት ሺው አራት መቶኛው ላይ ደረስሁ።
ጦሳን ጉም ሲያለብሰው ሱቁን ዘግቼ
«አንቺ የማን ነሽ?» እላለሁ ለእያንዳንዷ፤
ዝም ያለችኝን እሸኛለሁ፣ ጨክኜ፣ ፈርቼ።