የማያምን እግር

አባቴ ብረት አቅላጭ፣ ባርኔጣውን ለቄስ አላነሣም፣
እሑድም ፈረቃ ነውና፣ ስለ ገነት አላወሳም።
እኔም ልጁ ስታሲያክ፣ ጌሪ ኢንዲያና አድጌ፣
ጉልበቴ ለጸሎት አልታጠፈም፤
ለዘይት ለውጥ እንጂ፣ ከመኪና ግርጌ።

ታዲያ ምን ነካኝ?
የሃያ ሦስተኛው ጎዳና ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ፣
አግዳሚው፣ ሹካው፣ መጋረጃው ለሽያጭ ወጥቶ፣
ከካርቶን ውስጥ አንዲት ሸክላ፣ ጠርዟ የተላጠ፣
ሽፋኗን ዝናብ የመታው፣ ቀለሟ የቀለጠ፣
በሁለት ዶላር ገዛሁ።
«ቨርሊን ቲብስ እና የምሥራቅ በር መዘምራን» ይላል፤
ከሥሩ በብዕር፦ «ለእማማ፤ ይኸው ደረሰልሽ» ተብሏል።

መርፌውን አሳረፍኩ።
መጀመሪያ ጭርጭርታ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚሄድ ድመት፣
ከዚያ ቤዙ መጣ፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሰካራም፣
አንዲት እርከን ግን የማይስት።
ድራሙ ትንሽ ዘግይቶ፣ ኦርጋኑ እንደ ሰው ተንፍሶ፣
«ጌታ ሆይ» አለች ቨርሊን፤ ድምፅዋ መሐሉ ላይ ተበጥሶ፣
ደግሞ እንደ ጫማ ክር ራሱን ቋጥሮ ሄደ፣ ገሥግሦ።

ጌታዋን አላውቀውም። አድራሻውንም ጠይቄ አላውቅም።
እግሬ ግን፣ ይኼ ከሃዲ፣ ሳያማክረኝ ወለሉን ሲመታ፣
አሜን አለ። ደገመ። ያለ አንዳች ይሉኝታ።

ጓደኛዬ ሮስኮ ይስቃል፦
«አትጾምም፣ አትጸልይም፣ መዝሙር ግን ትገዛለህ!
ምግቡን ሳትቀምስ ለሽታው ትከፍላለህ!»
ምን ልበለው? የመሸታ ቤቱ ዘፈን «ውዴ አትሂጂ» ይላል፤
ውዱ ብትሄድ ነገ ሌላ ውድ ይኖራል።
ይኸኛው ግን ጎርፍ ደረቱ የደረሰ ሰው ነው፤ ለነፍሱ ይጣራል።
ሰው ከሸክላ ተሠርቶ እፍ ተባለበት ይላሉ፤
እኔ ለዚያ ምስክር አይደለሁም፤
ይህች ጥቁር ሸክላ ግን ስትተነፍስ ሰምቻለሁ፣ አልዋሽም።

በመስከረም አገኘኋት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
የልብስ ንጽሕና ቤት ጡረተኛ፣
ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ፣ ዓይኗ ግን የፍርድ ቤት ዳኛ።
«ድነሃል?» አለችኝ።
«አይ» አልኳት።
የሎሚ ጭማቂ ቀዳችልኝ።
«ከዘፈንነው የቱን ወደድክ?»
«ቤዙን» ስላት፣ ሳቋ ሰው ሠራሽ ጥርሷን ሊያስጥላት።

«እሱማ ቴልፎርድ ነው፤ ቅዳሜ መጠጥ ቤት ሲጫወት አድሮ፣
በሰባት ዶላርና በዶሮ ምሳ ያመጣነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ታስሮ።
ስንጸልይ ወጥቶ ያጨሳል። አንዲት ቃል አላመነም፣ እስከ መቃብሩ።
ግን ልጄ፣ መዝሙሩ ሽቅብ ሲወጣ
መሬት ላይ ያሰረን እሱ ነበር፤ ያ ወፍራም ክሩ።»

ስመለስ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

ሌሊት መርፌውን መለስኩ። ከመጨረሻው ጭብጨባ በኋላ፣
ሸክላዋ ባዶዋን ስትዞር፣ ሁለት ሰከንድ ያህል፣
ወንበር ይንቋቋል፤
ከማይክሮፎኑ ራቅ ብሎ አንድ ወንድ ያስነጥሳል።
እሱ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም።
ብቻ በዚያች ቦታ ሁልጊዜ፣ ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣
«ይማርህ» እለዋለሁ፤
የሚምረው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ።