ቤት ጭኜ ስወጣ

በዚህ ሲኖትራክ ጀርባ ያልጫንኩት የለም፣
ስሚንቶ፣ ገብስ፣ በግ፣ አንዴም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ፤
ቤት ግን ጭኜ አላውቅም።

ከደብረ ብርሃን ሌሊት፣ ውርጩ መስታወቱን ሲልስ፣
የፋብሪካው ዘበኛ በር ከፈተልኝ
በጋቢ ተጠቅልሎ እስከ አፍንጫው ድረስ።
ደረሰኙን ፈረምኩ፦
ግድግዳ አሥራ ሁለት፣ ጣሪያ ስድስት ቁራጭ፣ አራት መቶ ብሎን፤
አንድ ጤና ኬላ፣ ሙሉውን።
ቁልፉንም ሰጡኝ።
ቆሞ ላላየሁት ቤት ቁልፍ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ግድግዳውን ዳበስኩት፦ የገብስ ጭድ ነው፣ በመኪና ተጨምቆ፣
መሃሉ የመንዝ በግ ጠጉር፣ ተነድፎ፣ ተጠቅጥቆ።
ባለፈው ክረምት በጆንያ ያወረድኩት ጠጉር ይሆን?
ይኸው ግድግዳ ሆኖ አገሩ ሊገባ፣ እኔው ላወጣው ሆንን።

ቤዛዊት፣ መሐንዲሷ፣ ከጎኔ ወረቀት እያገላበጠች
እስከ ጣርማ በር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰች።
ጓሳ ስንደርስ ግን፣ "አቁም" አለች፣ "እስኪ ውረድ።"
ሳሩ ነጭ ነው፣ ይንኮሻኮሻል ስትራመድ።
ጅብራው በጭጋግ ውስጥ ቆሟል
ቅጠሉን ወደ ላይ አጥፎ፣ እንደ ተጨበጠ እጅ።
"ሌሊት እንዲህ ይዘጋል፣ ውርጭ ልቡን እንዳይነካው፤
ፀሐይ ስትወጣ አየው፣ ራሱን ሲዘረጋው።"
ሦስት ሌሊት እዚህ አድራ በቴርሞሜትር ለክታለች፤
የጫንኩት መስኮት መዝጊያ፣
ሲበርድ የሚታጠፍ፣ ሲሞቅ የሚከፈት፣ ያለ መብራት፣ ያለ ሞተር፣
ከዚህ ነው የቀዳችው።
እኔ ዘጠኝ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ፤
እናቴ "ምን እንደ ጅብራ ይገትርሃል?" ስትለኝ
ሥራ ፈት ማለት ይመስለኝ ነበር።
ለካ ቆሞ ይሠራል።

ከመሐል ሜዳ አልፈን ቀበሌዋ ስንገባ
ጋሽ አጥናፌ መሠረቱን ጨርሷል፣ ጥቁር ድንጋይ፣
ያለ ስሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ ምላጭ እንኳ የማያስገባ።
"ቤት በአንድ ቀን? ይሄማ ድንኳን ነው" አሉ አንድ ሽማግሌ።
ጋሽ አጥናፌ ዝም።

ክሬኑ አንደኛውን አነሳ፣ ገባ። ሁለት። ሦስት።
ሰባተኛው እምቢ አለ።
አራት ጣት ክፍተት፤ ንፋሱ ወዲያው አገኘው፣ ማፏጨት ጀመረ።
ቤዛዊት ወረቀቷን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ደግማ ወረቀቷን፤
"ልኩ ልክ ነው" አለች፣ ለእኛ ይሁን ለራሷ።
ግንበኛው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ለካ።
"ወረቀቱማ ልክ ነው ልጄ፤
መሬቱ ነው ያላነበበው።"
አንድ ድንጋይ መርጦ፣ ገለባብጦ፣
ሦስቴ መሮውን መታ፣ እንደገና አየ፣ አንዴ ጨመረ፤
ከሥር አስገባው።
ግድግዳ ሰባት ተቀመጠ።
እሱም ጀርባውን አስደግፎ ተቀመጠ፣
ግድግዳውን አምኖት ይሁን ደክሞት አላወቅኩም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣሪያው ገጠመ።
ብርዱ እንደ ልማዱ ከጓሳ ተነስቶ መጣ፤
ያየነውን ስንነግረው ማንም አያምነንም፦
መዝጊያዎቹ እጅ ሳይነካቸው ቀስ እያሉ ታጠፉ፣
አንድ በአንድ፣ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ሲቆጥር።
በሰሜን በኩል ያለችው ብቻ ግማሽ ላይ ቀረች፤
ቤዛዊት በመዳፏ ገፋቻት፣ ማንም ያላየ መስሏት።
ለጤና ሠራተኛዋ ለአስካለማርያም ቁልፉን ሰጠኋት፣
ከጠዋት ጀምሮ ኪሴ ሲያሞቀው የዋለ ቁልፍ።
"እንዴት ይሞቃል!" አለች።

በማግስቱ ባዶ ካሶኒ ስጠርግ አንድ ብሎን አገኘሁ።
ደወልኩላት። "ቆጥሬያለሁ፣ ትርፍ ነው" አለችኝ፤
ትንሽ ቆይታ፣ "ይመስለኛል።"
ጣርማ በር መታጠፊያው ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ይንከባለላል፣
አልጣልኩትም።
ደብረ ብርሃን ንፋስ ባየለ ሌሊት፣
እንቅልፍ ሲሸሸኝ፣
እጄ ብሎኑን ፍለጋ ጃኬቴ ኪስ ይገባል።