ሰባ አንድ ከመቶ

ግንቦት ነው ማስቀጥ ላይ፤ ሙቀቱ ከደጅ ቆሟል፤
መጫኛው ዝም ብሏል፣ የሮለሩ ቀለም ደርቋል።
አምስቱን ቅጂዎች በተርታ ደረደርኩ፣
ቅጹን ከጎን አድርጌ እርሳሴን ቀረጽኩ።

«ኅዳጉ ንጹሕ ነው?» ሃያ።
«ቀለሙ እኩል ጠጥቷል?» ሃያ አምስት።
«አምስቱም አንድ ናቸው?» ሠላሳ።
የተረፈችው ለሐሳብ ናት፤
ሐሳብም እንዳቅሟ ሃያ አምስት ይደርሳታል።

ይህ የኻልፋን ሥራ ነው፣ የሱር ዓሣ አጥማጅ ልጅ፤
ሊኖው ላይ የቀረጸው የተዘጋ ሱቅ ደጅ፣
አያቱ መንጠቆና መረብ የሸጡበት፣
ስማቸው በዐረብኛ ከበሩ አናት ያለበት።

ሥራው ደህና ነው። ደህና ብቻ።
የሁለተኛው ኅዳግ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣
የአራተኛው ጥቁር ሳስቷል፣ መስሏል የአሸዋ አቧራ።
ደመርኩ፣ ቀነስኩ፦ ሰባ አንድ።
ሐቀኛ ነጥብ ነው፤ ማንም አይከራከርም፤
እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚህ አላለፍኩም።

ሰዓዳ ገባች ያን ጊዜ፣ መወልወያዋን ይዛ፣
ስድስት ዓመት የወለወለች ይህንኑ ጠረጴዛ።
«የዚህን ልጅ ነው የሚያዩት? ይቆዩኝ» አለችና ወጣች፤
ከመጥረጊያ ቁም ሣጥኗ ጥቅል ወረቀት አመጣች፤
አሥራ አራት ብልሽት፣ ከቅርጫት የለቀመችው፣
«መደርደሪያዬን ላለብስ ነበር» እያለች የዘረጋችው።

በመጀመሪያው ላይ የአያት ስም ተገልብጧል፣
መስታወት ውስጥ እንዳለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሮጧል።
ሁለተኛውም እንደዚያው። አዲስ ሊኖ፣ አዲስ ቁስል።
ሦስተኛው ላይ አንድ ፊደል ብቻ ዞሯል፤
የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ከሚሴ ቁርኣን ቤት የለየችውን ፊደል
በእርጥብ ጣቷ እየተከተለች፣
«ይኸውልዎ፣ እዚህ ላይ ገባው» አለች።
«ከዚህ ወዲህ እጁ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመረ፤
እስከዚያ ግን ምስኪን፣ ዓይኑን ብቻ ያምን ነበረ።»

በየሳምንቱ አስተማርኩት፤ ያቺን ቀን ግን የት ነበርሁ?
ምናልባት ስብሰባ ገብቼ ስለ ምዘና አወራሁ።

ቅጹ ላይ ለዚህ ሣጥን የለም፦
ስንት ጊዜ ሳተ፣ በስንተኛው ታከተው፣
በታከተው ማግስት ማን ቀስቅሶ አመጣው።
ሰባ አንዱን አልሰረዝኩም፤ አሻራውም አሻራ ነው።
ብልሽቶቹን ግን በየቀናቸው ቁጥር ሰጥቼ፣
ከአምስቱ በፊት ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው፤
ነገ መጥቶ ራሱን ሲማር ያየው።

ሰዓዳ ባዶ እጇን አየት አድርጋ፣
«እንግዲህ መደርደሪያዬን በምን ላልብስ?» አለችኝ።
ያልተሞላ የምዘና ቅጽ ነበረኝ፣ ሙሉ ደስጣ።
እሱን ሰጠኋት።