ሎል

ዘጌ ላይ ያረጀ፣ ከሐይቁ ዳር የቆመ፣
ስንት ክረምት ጠጥቶ፣ ስንት በጋ የጾመ፣
አንድ ሎል ነበረን፤ ፍሬው ቀይ እንደ ዶቃ፣
ጦጣ ጠግባ ስትተኛ፣ የምትቆጥረው ጨረቃ።
በሬ በማያውቀው፣ ቀንበር ባልነካው አፈር፣
ጥላ ነው የሚታረስ፣ ቅጠል ነው የኛ ሞፈር።

ዘንድሮ የደብሩን በር፣ ምስጥ ከሥሩ በላና፣
ሰበካው ተሰብስቦ፣ «ሎሉ ይውደቅ» አለና፣
አባቴን አስጠሩት፣ አናጢ ልየውን፤
በአንድ እጁ መጋዙን፣ በሌላው ዝምታውን
ይዞ መጣ።
ግንዱን በመዳፉ መትቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ ቆየ፤
ምን እንደ ሰማ አልነገረኝ፣ ብቻ ወደ ሐይቁ አየ።
እኔ ልጁ ነበርሁ፣ የመጋዙ ሁለተኛ ጫፍ፤
ሲስብ ስለቅ፣ ሲለቅ ስስብ፣ ቃል ሳይወጣን ካፍ።

ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ወደቀ።
ጣና ቆሞ አየና፣ ዳር ዳሩን ተሳቀቀ።
ስንሰነጥቀው ውስጡ፣ ቀይ ዳማ ሆኖ ታየ፣
አሁን ከውሃ የወጣ፣ ከሰው ገላ ያልተለየ።

አራተኛው ሳንቃ ላይ፣ መጋዙ ጮኾ ተቀሰፈ፤
እሳት ብልጭ አለና፣ አንድ ጥርሱ ረገፈ።
ብረት ነው። ሚስማር ነው። የዝገቱ ጥቁር እንባ፣
ስንት ቀለበት ወደ ውስጥ፣ ከዛፉ ሥጋ የገባ።
እኔ መራገም ጀመርሁ፣ የመጋዙ ዋጋ ታይቶኝ፤
አባቴ ግን ተንበርክኮ፣ ዳሰሰው እኔን ትቶኝ።

«ይህን የመታሁት እኔ ነኝ፣ በድንጋይ፣ በልጅነቴ፣
ከወንድሜ ትከሻ ላይ፣ ሲያጥርብኝ ቁመቴ፤
መቅዘፊያውን ለመስቀል፣ ማታ ከሐይቅ ሲመለስ።
አንድ ሌሊት አወረደው፣ ባሕር ዳር እንጨት ሊያደርስ።
ታንኳው ብቻውን መጣ።» ከዚያ ወዲያ አልቀጠለ።
«ማን ነበር ስሙ?» አልሁት።
«አንለይ፣» አለ። «አንለይ፣» አለ።

አርባ ዓመት ሙሉ ዛፉ፣ ቅርፊቱን እየደረበ፣
ስሙን ሲፈጽም ኖሯል፣ ሚስማሩን እንደ ከበበ።

ቄሰ ገበዝ በሩን ሲያዩ፣ አንድ ጣት የወጣ ብረት፣
«ይነቀል እንጂ፣» አሉ፣ «አያምርም በር ላይ ዝገት።»
አባቴ መዶሻውን፣ ወደ ጆንያው መለሰ።
«ያለሱ በሩ አይቆምም፣» አለ። እኔም አናጢ ነኝ፤
ውሸቱን አውቄዋለሁ። ግን ምን አናገረኝ።

ባለፈው እሑድ በዝናብ፣ ሰው ጃንጥላ ሰቅሎበት
አየሁ፤ እንደ መቅዘፊያ ጫፍ፣ ውሃ ሲንጠባጠብበት።