ከጨርቁ ሥር

መስከረም ነው አሉ፤ ዴራ ግን ይፋጃል።
ወሽመጡ ዳር የቆመው የእንጨት ጀልባ
ጎማ ይውጣል፣ ፍሪጅ ይውጣል፣ አይጠግብም፣
ፊቱን ወደ በርበራ አዙሮ ይጠብቃል።

እኔ ከሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ለከፊራ ልሸምት፣
ስልሳ ጣቃ ሽፎን፣ አርባ ጣቃ ፖፕሊን፣
ድሬ ጥር ሲገባ ሙሽራ የምትሸኝበት።

ባለሱቁ ቪታልዳስ፣ ቅንድቡ የሸበተ፣
አያቱ እዚሁ ወሽመጥ ሉል ሲመዝን የሞተ።
የእሱን አፍ አልሰማ፣ የእኔን አፍ አይሰማ፤
አስታራቂያችን ካልኩሌተር ሆኖ፣
ጽፎ ይሰጠኛል፣ አጥፍቼ እመልሳለሁ።
ከኋላዬ ዘቢባ፣ የመርካቶዋ፣ አንገቷን አስግጋ
ልትሰርቅ ቆማለች የእኔን ዋጋ።

ቪታልዳስ አየና የጣቃውን ጫፍ ሳበ፤
እጁን ከሥሩ ሰዶ ጠበቀ።

አወቅኩት።

ባቢሌ፣ ግመል ገበያ፣ አቧራው ሲነሣ፣
አባቴ በሽርጡ ጫፍ የሰው ጣት ሲዳስስ፤
አንድ ጣት መቶ ነው፣ መዳፍ ሙሉ አምስት መቶ፣
ግማሽ ጣት ግማሽ።
አፉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ጤና ያወራል፤
ከሥር ግመሉ ባለቤት ይቀይራል።
«ማን አስተማረህ?» ብለው፣ «ከባሕር መጣ» አለኝ።
ባሕር አይቶ አያውቅም።

አሁን እጄ እጁ ውስጥ ነው።
ስድስት ይላል። አራት ተኩል እላለሁ።
በዚህ ጣት ስንቱ አለፈ እያልኩ አስባለሁ፤
ትንፋሹን ውጦ ጠላቂ ያወጣው ሉል
ቦምቤይ ተበስቶ ፓሪስ አንገት ላይ ሲውል፣
የሐረር ቡና በዘይላ፣ ቆዳ በታጁራ፣
ደግሞም፣ አባቴ ይህን አልነገረኝም፣
ሰው።
ጥርሱ ታይቶ፣ ቁመቱ በክንድ ተለክቶ፣
የእኛው ሰው፣ በእኛው ጣት ተቆጥሮ፣
ከጨርቁ በላይ ስለ ዝናብ እየተወራ።

እጄ ቀዘቀዘ።
ቪታልዳስ በዋጋው የጨከንኩ መስሎት
ግማሽ ጣት ቀነሰ።

የልጅ ልጁ ፓራግ ስልኩን ይዞ መጣ፣
የጓንዡ ፋብሪካ ዛሬ ጠዋት ያወጣው፣
የመርከብ ኪራዩ፣ ዶላሩ፣ ብልጭ ድርግም ይላል፤
ማንም ሳይነካው ይወጣል፣
ማንም ሳይነካው ይወርዳል።

ሽማግሌው ቀና አላለም።
ጨርቄን ማቄን ሳይል አምስቱን ጣቶቼን ጨበጠ።
እጅ ሰጠሁ።
እሱም ሰጠ።
የተሸነፈውን ጨርቁ ይወቀው።

ማታ ጣቃው ተጠቅልሎ ጀልባው ላይ ወጣ፤
ጫፉ በላባችን ተጨማዷል፣ ቢተኮስም አይለቅም።
ከፊራ ላይ «ይሄ ምን ነካው?» ያለችኝ እንደሆን፣
ያን አንድ ክንድ አልሸጠውም፣
ምራቂ ነው እላታለሁ።